የዘበኛው ተራ

በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ አንድ አትክልተኛ ነበር። ውሎው ከመቀስ ጋር ነውና ተማሪዎቹ "ጋሼ መቀስ" ይሉታል። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ሴት ልጁም አግብታ ሩቅ ሄዳለች። እንግዲህ አንገቱን የሚነካው የሰው እጅ የግቢው ዘበኛ እጅ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለቱ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ይገናኛሉ። አንዱ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያጎነብሳል፣ ሌላው በትንሿ መቀስ የማጅራቱን ጸጉር ያስተካክልለታል። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ዘበኛው መቀለድ ይወዳል። "ይሄ ማጅራት ነው ወይስ አረም የዋጠው መደብ?" ይለዋል። ጋሼ መቀስ ይስቃል እንጂ አይመልስም፤ ዝምተኛ ነው።

ፊት ለፊታቸው ባለው የቁጥቋጦ አጥር ውስጥ ሁለት ትንንሽ ወፎች ይኖራሉ። ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ክብ ስላለ ዘበኛው "መነጽረኞቹ" ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጡና ሴቷ አንገቷን ስታዘነብል ወንዱ በመንቆሩ የራሷን ላባ አንድ በአንድ ያበጥርላታል። ሲጨርስ እሱ ያዘነብላል።

"የገዛ መንቆራቸው ራሳቸው ላይ አይደርስማ። እንደኛው ናቸው" ይላል ዘበኛው።

ጎጆ ሠርተው እንቁላል ሲያቅፉ፣ ጫጩቶቹ እስኪወጡ አጥሩን እንዳይነካ ዘበኛው ለመነው። ጋሼ መቀስም ቃሉን ሰጠ። ዳይሬክተሯ ግን ሰኞ እንግዳ ስለሚመጣ አጥሩ ይከርከም አለች። እሱ ደግሞ አለቃ ፊት አፉ አይታዘዝለትም። እሁድ፣ ዘበኛው ዕረፍት በወጣበት ቀን፣ ጎጆውን አልፌ እቆርጣለሁ ብሎ ጀመረ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጎጆው የቱ ጋ እንዳለ ተምታታበት። ወፏ ከእንቁላሏ አልተነሳችም። ትልቁ መቀስ ሲዘጋ ስለቱ መሀል አንድ ለስላሳ ነገር እንደገባ እጁ ላይ ተሰማው።

ከጽጌረዳው ሥር ቀበራት። እጁን ታጠበና አጥሩን ጨረሰ።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው የተቆረጠው አጥር ፊት ብዙ ቆመ። ወንዱ ወፍ ብቻውን ነው። የጭንቅላቱ ላባ ተንጨባሮ ወደ ባዶው ጎን ዘንበል ብሏል።

"ሴቷስ?" አለ ዘበኛው።

"ሄዳ ይሆናላ።"

ዘበኛው ዞር ብሎ አየው። "መቁረጡንስ ታዘህ ነው። መዋሸቱን ማን አዘዘህ?" አለና ወደ በሩ ሄደ።

ሦስት ቅዳሜ ጋሼ መቀስ ባልዲው ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ጸጉሩ ኮሌታው ውስጥ እየገባ አሳከከው። በመስታወት ሞክሮ ቆዳውን ቆረጠው። በአራተኛው ትንሿን መቀስ ይዞ ወደ በሩ ሄደ።

"እኔ ነኝ የገደልኳት። ከጽጌረዳው ሥር ናት" አለ።

ዘበኛው በርጩማውን ሳበለት። መቀሱን ተቀብሎ እንደ ድሮው በዝግታ አስተካከለው፤ የቆሰለውን ቦታ እየሸሸ። የረገፈውንም ጸጉር በመዳፉ ጠረገለት። ቀልድ ግን አልነበረም።

ጋሼ መቀስ ተነሣ። መቀሱን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ዘበኛው እስኪቀመጥ ጠበቀ። ዘበኛው ኮፍያውን እስከ ጆሮው ድረስ ጎትቶ አደረገ።

"የኔን ልጄ ታስተካክልልኛለች" አለ።

ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ በሩን ሊከፍት ሄደ። ጋሼ መቀስ መቀሱን እንደያዘ ቆመ፤ የተስተካከለው ማጅራቱ ነፋስ ሲነካው በረደው።