አባቴ የቀበረው ቱቦ

አባቴ ዳልጮ ካረፈ የመጀመሪያው ክረምት አለፈ። ልብሱን ለዘመዶች ሰጥተናል። አልጋው ወጥቶ በቦታው የልብስ ስፌት መኪናዬ ገብቷል። ሰፈሩ ስለሚያውቀው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር የሚጠይቀኝ የለም። ለማያውቀው በአንድ ቃል ልንገር ካልሁ ግን ተጠራጣሪ ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ተጠራጣሪ ነበር።

ይህን ጠባይ ያመጣው ከኩልፎ ወንዝ ዳር ነው። ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር በጎልማሳነቱ ወርዶ፣ ዕድሜውን የኖረው የሙዝ ማሳ ውሃ ሲያጠጣ ነው። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ ለየማሳው የሚደርሰው በተራ ነው። ተራህ ደርሶ ቦዩን ስትከፍት፣ ከላይ ያለው ባለማሳ እንደዋዛ በተረከዙ ጭቃውን ገፋ ያደርጋል፤ ውሃህ ይቀንሳል። ስትጠይቀው "ማንም አልነካውም" ይልሃል። አባቴ ለዚህ ዘዴ ነበረው። በቦዩ አፍ ላይ ቀጭን የሙዝ ልጥ በራሱ አስተሳሰር ቋጥሮ ይወጥራል። ልጡ ተነክቶ ካገኘው የዚያን ቀን ጠብ አለ።

ጉልበቱ ሲደክም ማሳውን ትቶ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ግቢያችን ተጠቃለለ። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች። ከዋናው ቤት ጎን አንድ የኪራይ ክፍል ከነማዕድ ቤቱ አሠራን። የሁለቱ ማዕድ ቤቶች የዕቃ ማጠቢያ ውሃ በአንድ ቱቦ ግቢውን አቋርጦ አጥሩ ሥር ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ መሄድ ነበረበት። ቧንቧ ሠራተኛ እንጥራ ስለው ሳቀብኝ።

"ለውሃ መንገድ የሚያሳይ ሰው ልጥራ? እኔ? ዳልጮ?"

ሱቅ ሄዶ ለሽንት ቤት የሚሸጠውን ወፍራም ቱቦ፣ ባለ መቶ አስር ሚሊሜትሩን ገዛ። "ሰፊውን ማን ይዘጋዋል?" አለ። ከዚያ ዶማውን ይዞ ቦይ እንደሚቆፍረው አድርጎ ቆፈረ። የሙዝ ማሳ ቦይ ለጥ ያለ ነው፤ ውሃው መሄዱ እስከማይታይ ድረስ። "ውሃ ከሮጠ አፈር ይበላል፣ ከተራመደ ያጠጣል" ይል ነበር። ቱቦውን ዘርግቶ፣ መሐል ግቢ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን ሠርቶ፣ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ አፈሰሰ። ውሃው በሌላው ጫፍ ቀስ ብሎ ወጣ። አባቴ ደስ ብሎት አፈሩን መለሰ።

ክፍሉን የተከራየችው ፌቨን ነበረች። የምዕራብ ዓባያ ልጅ ናት፤ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆና ትሠራለች። ባሏ የጂንካን መንገድ የሚነዳ ሾፌር ስለሆነ እምብዛም አይታይም። ናትናኤል የሚባል ገና የሚድህ ልጅ አላት። አባቴ ልጁን ከሩቅ ያያል እንጂ አያቅፍም። "የሰው ልጅ አቅፈህ ቢያስነጥሰው ባንተ ነው" ይላል።

ጥቂት ወራት ደህና ሄደ። ከዚያ የእኛ ማጠቢያ ውሃ መዋጥ እንቢ አለ። በዘንግ ጎረጎርነው፤ ተከፈተ። ደግሞ ተዘጋ። ሽታው ግቢውን ሞላው። አባቴ ከሳጥኗ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየና የፌቨንን በር አየ።

"ዳይፐር ነው" አለ።

"አባባ፣ እሷ እኮ በፌስታል አስራ ነው የምትጥለው። አይቻታለሁ።"

"አንቺ ያየሽው እንድታዪ የጣለችውን ነው።"

ለእኔ ብቻ ነግሮ ቢተወው ጥሩ ነበር። አልተወውም። የአጥር ጎረቤታችን እጅጋየሁ ጨው ልትበደር ብቅ ስትል፣ ፌቨንም ልብስ ስታሰጣ፣ በሁለቱ መሐል ቆሞ ተናገረ። "ቤቴን በልጇ ቆሻሻ የደፈነችብኝ ይህች ናት።" እጅጋየሁ ጨውዋን ይዛ ቆመች። ፌቨን የያዘችውን እርጥብ ሸሚዝ አልሰቀለችውም።

"አባባ ዳልጮ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ እኔ አልነካሁትም።"

"በኩልፎም ማንም ነክቶ አያውቅም" አላት።

በማግስቱ በሳጥኗ ክዳን ላይ የሙዝ ልጥ ታስሮ አገኘሁ። ሳምንት ሳይሞላ ቱቦው ተዘጋ። ልጡ እንዳለ ነበር። በቃ ፌቨን ነፃ ወጣች ብዬ ጠራሁት። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን መረመረ፤ ገለበጠው፤ አሸተተው ማለት ይቻላል።

"ይሄ ቋጠሮ የእኔ አይደለም" አለ።

"የማን ሊሆን ነው?"

"አስተሳሰሬን ተምራለች። ጸሐፊ አይደለች?"

ያን ዕለት ወሩ ሲያልቅ እንድትለቅ ነገራት። ከሚድህ ልጅ ጋር በዚህ ከተማ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አከራዮቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ልጅ አለሽ?" ብለው ነው። ፌቨን በማግስቱ በሯን ቆልፋ፣ ልጇን አዝላ እናቷ ዘንድ ምዕራብ ዓባያ ሄደች። ቤት እስክታገኝ እዚያ ልትቆይ ነው።

አባቴ ተደሰተ። "አሁን እናያለን!" አለ። ልጡን አጠበቀ።

አየን። ፌቨን በሌለችበት ቱቦው ተዘጋ። በዚያ ላይ የእኛ ማጠቢያ ጥቁር ውሃ ወደ ላይ ተፋ።

"ከመሄዷ በፊት አዘጋጅታው ነው" አለ። ብዙም አልገፋበትም ግን። ምሳ ሳቀርብለት ማንኪያውን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየኝ። "ዘርፈሽ፣ አንቺስ? የስፌትሽን ቁርጥራጭ ጨርቅ የምትጥይው የት ነው?"

ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁና አሞጽ የሚባለውን ቧንቧ ሠራተኛ ይዤ መጣሁ።

አሞጽ ቀልደኛ ወጣት ነው። በሩ ላይ እንደቆመ አባቴ ከላይ እስከ ታች አየው።

"ማን ላከህ? ፌቨን ታውቅሃለች?"

"አባባ፣ ገና ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም፣ ተጠረጠርኩ?"

ሥራውን የጀመረው አፈሩን በመቆፈር ነው። የቱቦውን ሁለት ጫፍ ገለጠና ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ አወጣ፤ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉትን። አንዱን ጫፍ እሱ ማጠቢያው ጋ ያዘ፣ ሌላውን አባቴ ጉድጓዱ ጋ። በላስቲኩ ውስጥ ያለው ውሃ በሁለቱም በኩል እኩል ይቆማልና፣ ከዚያ ላይ ወደ ቱቦው ሲለካ በግቢው ስፋት ሁሉ ቱቦው ዝቅ ያለው አንድ ጣት እንኳ አልሞላም።

"ጫፍ እንቀያየር" አለ አባቴ።

ተቀያየሩ። ያው ነው።

"አባባ፣ እርስዎ የቀበሩት ቦይ ነው" አለ አሞጽ።

"ቦይ ነዋ! ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ነድቼበታለሁ።"

"እሱ ንጹሕ ውሃ ነበር፤ ባዶ እጁን የሚሄድ። ይሄኛው ዘይት ተሸክሟል፣ ሳሙና ተሸክሟል፣ የምግብ ፍርፋሪ ተሸክሟል። ሸክም ያለው ሰው በሜዳ ላይ እንዲህ ቢንቀረፈፍ ምን ያደርጋል? ሸክሙን አውርዶ ይሄዳል።"

"ስፋቱስ? ሰፊ መንገድ ነው የሚያጨናንቀው?"

"አንድ ሳፋ ውሃ ጫሞ ሐይቅ ዳር አሸዋው ላይ ቢደፉት የት ይደርሳል? ይተኛል። የማጠቢያ ውሃ ትንሽ ነው፤ በመቶ አስር ውስጥ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይተኛል። በጠባቡ ውስጥ ግን ከፍ ብሎ ይሄዳል፣ ያጋጠመውን አንስቶ ይወስዳል።"

"እንግዲያው እንደ ሴቻ ሰፈር ቁልቁለት አድርገው፤ ይገስግስ" አለ አባቴ።

"እሱም አይሆንም። ውሃው ጥሎት ይሮጥና ፍርፋሪው ብቻውን መንገድ ላይ ይቀራል። በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ዝቅ ካለ አብረው ይደርሳሉ።"

"ጠባብ ቱቦ፣ ትንሽ ቁልቁለት" አለኝ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሰውየው እንደማይሰማ። "በየወሩ እየተዘጋ እሱን እንድንጠራው ነው።"

አሞጽ ቱቦውን አወጣው፤ አባቴ ፊት መጋዙን አንስቶ እንደ አገዳ ለሁለት ሰነጠቀው። ውስጡ ግራጫ ሆኖ የረጋ ነገር ነበር፤ እንደ ሻማ ቅላጭ የጠነከረ፣ ማጠቢያው አጠገብ የወፈረ፣ ወደ ጉድጓዱ እየሳሳ የሄደ። አንድ ቦታ ላይ ቱቦው ሆድ አውጥቶ ሰምጧል፤ ውሃ አቁሯል።

አባቴ እጅጌውን ሰበሰበ። ዳይፐሩን መፈለግ ጀመረ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየፈረፈረ ሄደ። እኔም አሞጽም ቆመን አየነው። ጨርቅ አልነበረም፣ ላስቲክ አልነበረም፣ ክር እንኳ አልነበረም። ሲጨርስ ከተቆለለው አፈር ላይ ተቀመጠ፤ ከጣቱ ላይ ነጭ ነገር አሽቶ አየ።

"ቡላ ነው" አለ።

ለሆዱ ሕመም በየጠዋቱ የቡላ ገንፎ የሚበላው እሱ ነው። በግቢው ውስጥ ሌላ የሚበላ የለም።

"ፌቨን ቡላ አትወድም" አለ ቆይቶ፤ ለማንም አይደለም።

አሞጽ ከየማጠቢያው ባለ ሃምሳ ቱቦ አወጣ፤ ሁለቱ ከሚገናኙበት እስከ ጉድጓዱ ባለ ሰባ አምስት ዘረጋ። ቱቦው ዳግም ሆድ እንዳያወጣ ከሥሩ አሸዋ አነጠፈ። አባቴ በየሜትሩ ውሃ ልኩን ያስቀምጥ ነበር፤ ሁለት ሴንቲውን በራሱ ዓይን ካላየ አፈር አያስመልስም። በዚህኛው ጊዜ በንጹሕ ውሃ አልሞከረውም። የገንፎውን ድስት እጣቢ እንዳለ ደፋው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ጠበቀ። ድፍርሱ ውሃ ቡላውን ይዞ መጣ።

ፌቨን የመጣችው በባጃጅ ነው። ሴቻ ቤት ማግኘቷን ነገረችኝና ልጇን አስይዛኝ ፍራሹንና ሳፋውን ማስጫን ጀመረች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ቁልፉን ለአባቴ ዘረጋችለት። አባቴ እጆቹን ወደ ኋላ አደረገ።

"ውሃው ይሄዳል" አላት።

"ሰማሁ።"

"የገንፎው ቡላ ነው።"

"እሺ። ቁልፉን ይቀበሉኝ።"

"አልቀበልም። ክፍሉ ያንቺ ነው።"

"አባባ፣ ሲሰድቡኝ እኔና እርስዎ ብቻ አልነበርንም" አለች ፌቨን ድምፅዋን ሳታነሳ። "እጅጋየሁ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ከሷ ሰማ።"

በእኛ ዘንድ ነውር በሰው ፊት ከተነገረ፣ ማንሻውም በዚያው ሰው ፊት ነው። አባቴ ይህን ከማንም የበለጠ ያውቃል። እጁ ግን ከኋላው አልተፈታም። መሬቱን አየ፣ አዲስ የተመለሰውን አፈር አየ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄዶ ተጣራ።

"እጅጋየሁ! ነይ እስቲ!"

እጅጋየሁ እጇ ሊጥ እንደሆነ መጣች። አባቴ በሁለቱ መሐል ቆመ።

"ጠርጥሬያት ነበር። አላደረገችውም። ቱቦውን የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ የደፈንኩትም እኔ ነኝ።"

እጅጋየሁ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ቆማ ሌላ ነገር ትጠብቅ ነበር፤ አልመጣም።

ፌቨን ቁልፉን እንደያዘች ናት። "ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ቢበላሽስ?"

አባቴ ከልቡ አሰበበት። ሊዋሻት አልፈለገም።

"እጠረጥራለሁ" አለ። "ግን መጀመሪያ ለራስሽ እነግርሻለሁ፤ ለሰፈሩ አልናገርም።"

የባጃጁ ልጅ ሞተሩን እያስጓራ፣ "እትዬ፣ ልሂድ ወይስ ላውርድ?" ብሎ ጮኸ። ፌቨን ናትናኤልን ከእቅፌ ወሰደችና በቁልፉ በሩን ከፈተች። "አውርድ" አለችው። የባጃጁ ልጅ እያጉረመረመ ፍራሹን መለሰ።

ባጃጁ ከበር እስኪወጣ አባቴ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ፌቨን ደጃፍ ሄደ፤ እጅጋየሁ መሄዷን ዞሮ አረጋገጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ያ የባጃጅ ልጅ ፍራሹን ሲያወርድ ዓይኑ ቁልፉ ላይ ነበር።"