ለዓሣ የሰጠሁት ጉርሻ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ኦስሎ፣ ሮምሶስ የሚባለው ሰፈር፣ ከቤቴ ጀርባ ካለው ኩሬ ዳር ዳክዬዎች ስመግብ፣ አንዲት እንደ እኔ ያረጀች ኖርዌጂያዊት አጠገቤ መጥታ ቆመች። እንጨት ላይ የሰቀልኩትን ጃኬቴን በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገችው። ለካ ያንጠለጠልኩት «ዳክዬዎቹን አትመግቡ» የሚለው ሰሌዳ ላይ ኖሯል!

«አይተኸዋል?»

«አዎ፣ አሁን ገና» አልኳት። የቀረውን ዳቦ የማደርግበት ቢጠፋኝ ራሴ በላሁት። ሴትዮዋ ሳቀች።

ጥፋቱ ግን የመጀመሪያዬ አይደለም። ኬንያ በስደት ሳለሁ፣ ባሕር የሚባለውን ነገር ልይ ብዬ ከሞምባሳ በስተደቡብ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ሄድኩ። የስደተኛ ወረቀቴ ከናይሮቢ መውጣት አይፈቅድልኝም ነበር፤ ወጣትነት ደግሞ ወረቀት አያነብም። በደሴቲቱ ዙሪያ ያለው ባሕር ጥብቅ ፓርክ ነው። ባለ ጀልባው ጁማ ገና ስንነሳ አስጠንቅቆኛል።

«ዓሣዎቹን መመገብ ክልክል ነው፣ ወንድሜ። እኔ አንዴ ጥፋት ተጽፎብኛል። ከተደገመ ጀልባዬን አያስገቧትም፤ ልጆቼ የሚበሉት ደግሞ ከእሷ ነው።»

ዝናቡ ካበቃ ሰንበት ብሏል። ባሕሩ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የጀልባችን ጥላ ከታች ነጩ አሸዋ ላይ ይከተለናል። ጁማ ሞተሩን ሊያይ ጎንበስ ሲል ምሳውን አስያዘኝ፤ በጨርቅ የተቋጠረ ሁለት ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ፣ በኮኮናት ከተሠራ ባቄላ ጋር። ወዲያው አንድ ቢጫ ዓሣ ብቅ ብሎ አፉን ከፈት ከደን ያደርግብኝ ጀመር። አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ እያየ የሚያስችለው ሐበሻ የት አለ? ጠቀለልኩና አጎረስኩት። በአንድ ጉርሻ መተው ነውር ነውና ደገምኩት። እሱም ዘመድ አዝማዱን ጠራ። ሁለተኛው ቻፓቲ ሲያልቅ ባሕሩ እንደ ድስት ይንተከተክ ነበር።

የፓርኩ ጠባቂ በጀልባው ደረሰብን። ጁማ ቀና ብሎ እጄን አየ፤ ዓሣዎቹን አየ።

«ማነው የመገበው?» አለ ጠባቂው።

«ማንም! እንግዳዬን ባሕሩ አዙሮት አስመለሰው እንጂ» አለ ጁማ።

ጠባቂው ወደ እኔ ዞረ። አሁን ወረቀት ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ እዚያው ፊቱ አስመልሼ የጁማን ውሸት እውነት አደረግሁለት።

«ዝንጅብል ስጠው!» ብሎ ጠባቂው ጀልባውን አዙሮ ሸሸ።

ጁማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ባዶውን ጨርቅ አየ።

«ምሳዬስ?»

«ነገ አመጣልሃለሁ።»

በማግስቱ ምሳውን ሳልመልስለት አውቶቡሱ ናይሮቢ ወሰደኝ፤ ውሎ አድሮ አውሮፕላኑ ኦስሎ።

ዛሬ ኩሬው ዳር ቆሜ ያን ቢጫ ዓሣ ሳይሆን ጁማን አሰብኩ። እንደ እኔ ጥርሱ ሳስቶ ይሆናል፤ ለቻፓቲ ግን ድድም ይበቃል። ባገኘው ቻፓቲውን እጁ ላይ አላስቀምጥለትም። «አፍህን ክፈት» ነው የምለው። ሁለቴ።