ፍሬን የሌለው የአባዬ ብስክሌት

ፍሬን በሌለው ብስክሌት ቁልቁለት የወረድኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም ካዛንቺስ፣ ሁለቱም በአንድ ብስክሌት። የመጀመሪያው ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሁለተኛው አምና ነው፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ። ለእሱ ምን እንደሚባል እናንተው ፍረዱ።

ብስክሌቱ የአባዬ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አመላላሽ ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከተማውን የዞረበት፣ ጥቁር፣ የሚከብድ ብረት። ሳይክል ስለው ይቆጣ ነበር። «ሳይክል የልጆች መጫወቻ ነው። ይሄ ብስክሌት ነው!» አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳለ ሰርቄ አወጣሁት። ፍሬኑ እንደተበጠሰ አውቃለሁ። ግን የሰፈሩ ልጆች ወደ እስጢፋኖስ የሚወርደውን ቁልቁለት በዚህ ብስክሌት የወረደ ጀግና ነው ብለዋል፣ በቃ።

ወረድኩ። የግቢያችን በር ጋ ስደርስ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፊት ለፊት ገጠምን። ነጠላው ከትከሻው ወድቆ «እግርህን! እግርህን!» እያለ ጮኸ። ለካ በጫማህ ሶል የኋላውን ጎማ ተጭነህ አቁም ማለቱ ነው፤ ፍሬን ሲበጠስበት እሱ እንደዚያ ያደርግ ነበር። እኔ የገባኝ እግርህን አንሳ ነው። ሁለቱንም አነሳሁ። የፊት ጥርሴን ስልክ እንጨቱ ላይ ትቼ ተነሳሁ።

አባዬ አልመታኝም። ደሙን በነጠላው ጠርጎ አዝሎኝ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አላመነኝም። ከትምህርት ቤት እስክመጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፣ ዝናብም ቢሆን።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን። እማዬ ቀደም ብላ አርፋለች፤ የቀረነው እኔና አባዬ ነን። ብስክሌቱን ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ተሸክሜ አወጣሁትና በረንዳው ላይ አቆምኩት። ከእንግዲህ ማን ሊነዳው ብዬ አባዬ በኋላ ያስቀየረውን የፍሬን ሽቦ ፈታሁና የልብስ ማስጫ አደረግኩት። ራሴን በጣም ብልህ አድርጌ ቆጥሬ ነበር።

ከሰፈራቸው የተነሱ ሰዎች አንድ አነጋገር አላቸው፤ እኛም አለን። የምንኖርበት «ኮንዶሚኒየም» ነው። «ቤት» ካልን ካዛንቺስ ማለታችን ነው። «ያ ትልቁ ድስት እኮ ቤት እያለን ነው የጠፋው» እንባባላለን፣ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠን። አባዬማ ጎተራን አንድም ቀን ቤት ብሎት አያውቅም፤ «ፎቁ» ነው የሚለው። መርሳት ከጀመረ በኋላ እንኳን ይቺን አልረሳም። ይሄን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አምና አንድ ቅዳሜ በጠዋት ጫማ ላስጠርግ ወረድኩና ከጎረቤት ጋር የኳስ ወሬ ያዝኩ። አራት ሰዓት ላይ አባዬ ጋ ደወልኩ።

«የት ነህ አባዬ?»

«ቤት ነኝ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር።

«በል በሩን ዝጋ፣ መጣሁ።»

መጣሁ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ በረኛ ተከራከርኩ። ወደ ላይ ስወጣ በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋው ባዶ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱም ባዶ ነው። ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። ያኔ ነው «ቤት ነኝ» ያለው ጆሮዬ ውስጥ የጮኸው። ቤታችን ከፈረሰ እኮ ቆይቷል! እዚያ ያለው ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ጉድጓድና የሚከንፍ መኪና ነው። አባዬ ደግሞ መኪና ሲመጣ እስኪያልፍ መቆም ትቶ ነበር።

ሮጬ ወረድኩ። ታክሲ የለም፤ እንግዳ ሊገባ ነው ተብሎ መንገዱ ተዘግቷል። ተመልሼ ሮጬ ወጣሁና ብስክሌቱን ተሸከምኩት። የፍሬኑ ሽቦ ላይ የአባዬ ሸሚዝ ተሰጥቶ ነበር። ሽቦውን አየሁት። ለመፍታት ጊዜ የለኝም አልኩ። ድንቄም ጊዜ የሌለው ሰው!

በበቅሎ ቤት አድርጌ የሳይክል መንገዱን በተቃራኒ አቅጣጫ ያዝኩት። ሰው እየዘለለ ይሸሻል። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ?» ትለኛለች አንዷ። አዎ፣ አብጃለሁ። ላንቻ ጋ ለማቆም ስሞክር ወደቅኩና ሱሪዬ ከነጉልበቴ ተቀደደ። ተነስቼ ወጣሁበት። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ነፋ፤ ዞር ብዬም አላየሁት። «አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ፣ ከዛሬ በኋላ አንድ ደቂቃ ብቻውን አልተወውም» እያልኩ እለምናለሁ፣ ላቡና እንባው ተቀላቅሎብኝ። የእስጢፋኖስን ዳገት በወዲያኛው ጠርዝ አንገቴን ደፍቼ እየገፋሁ ወጣሁ።

አናቱ ላይ ስደርስ ቤታችንን አጣሁት። ተወልጄ ያደግኩበትን ማለቴ ነው። ወፍጮ ቤቱ የለም፣ ስልክ እንጨቱ የለም፣ ሱቁ የለም። ሰፊ አስፋልት፣ ሣር፣ አጥር። የጥበቃ ሠራተኞች ጋ ሄጄ «አንድ ሽማግሌ አላያችሁም? ኮፍያ ያደረገ፣ ቀጭን?» አልኩ። አላየንም አሉኝ። አጥሩን ተደግፌ ጉድጓዱን ቁልቁል አየሁና «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ከታች አንድ የቀን ሠራተኛ ቀና ብሎ አየኝ፣ ሌላ ማንም የለም። ገደልኩት አልኩ። በኳስ ወሬ አባቴን ገደልኩት።

ሁሉ ነገር ሲነሳ ቁልቁለቱ ግን እዚያው ነው። ቁልቁለት አይፈርስማ። ዓይኔ ያጣውን ምናልባት ሰውነቴ ያስታውስ ይሆናል ብዬ እንደልጅነቴ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁና ለቀቅኩት። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሌላ ምን ነበረኝ? ብስክሌቱ ፈጠነ፣ ነፋሱ ጆሮዬን ደፈነው። ትንሽ እንደወረድኩ ሆዴ ልክ እንደያኔው አንዴ ባር አለ። እዚህ ጋ ነው ጥርሴን ያጣሁት አልኩ። ቀና ስል አባዬ የሳይክል መንገዱ መሃል ቆሟል፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ።

«አባዬ ዞር በል!» አልኩ። ንቅንቅ አላለም። ይልቅ እጁን ዘርግቶ «እግርህን! እግርህን!» እያለ ጮኸ።

በዚህኛው ጊዜ ገባኝ። የጫማዬን ሶል የኋላው ጎማ ላይ ተጫንኩ። ላስቲኩ ሸተተ፣ ብስክሌቱ ተንገጫገጨ፣ አባዬ ደረት ጋ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ላቅፈው ስል ወደኋላ አለብኝ።

«ጎልማሳ ሰው አይደለህም እንዴ? ፍሬን ሳይኖረው ይነዳል? የኔ ልጅ እኮ ልክ እዚህ ጋ ነው ጥርሱን የሰበረው!» ብሎ ተቆጣኝ።

ዓይኑን አየሁት። አላወቀኝም።

«እዚህ ምን ትሠራለህ አባዬ?» አልኩት።

«ልጄን እየጠበቅኩ ነዋ። ከትምህርት ቤት የሚመጣበት ሰዓት ነው።»

አፌን ከፈትኩና የጎደለውን ጥርሴን አሳየሁት። ጠጋ ብሎ እንደ ሐኪም ተመለከተኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ጠፋ።

«ውይ! አንተም?» አለኝ አዝኖ።

«እኔም» አልኩት።

ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ የጉልበቴን ደም ጠረገልኝ። እንሂድ ብለው እንቢ አለኝ። «ልጁ መጥቶ ሲያጣኝስ?» እያለ መንገዱን ወደ ላይ ያያል። እኔም ብስክሌቱን አጋድሜ አጠገቡ ቆምኩ። እስኪደክመው ድረስ ልጁን አብሬው ጠበቅኩ።