ቀያሹ ጥጋቡ እና ከሰማይ የተለካው ገደል

ጥጋቡ በወገዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት ቀያሽ ነው። ከስማዳ ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደውን ገደል እንደ እሱ በእግሩ የለካው ሰው የለም። ለኃይል ማመንጫ ግድብ ቦታ ይጠና በተባለ ጊዜ መለኪያውን በአህያ ጭኖ ሁለት በጋ ወረደ፤ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ሲሻለው ደግሞ ወረደ። የሠራው ካርታ በቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ያኔ የመለኪያውን ዘንግ የምትይዝለት ትዕግሥት የምትባል ጀማሪ ሠራተኛ ነበረች። “ቀጥ አድርጊው፣ አይዝመምብሽ!” እያለ ሥራውን ያስለመዳት እሱ ነው። በኋላ ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር የሚላክ አንድ ሰው ሲፈለግ ሁለቱም አመለከቱ፤ እሷ አለፈች። “እንኳን ደስ ያለሽ” አላት። ቤቱ ሲገባ ግን እህል አልቀምስ አለ።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር ትዕግሥት ከአንድ የቅየሳ ቡድን ጋር በሄሊኮፕተር ተመለሰች። ከሄሊኮፕተሩ ሆድ ሥር በታሰረ፣ በብርሃን ጨረር ርቀት በሚለካ የሌዘር መሣሪያ ገደሉን ከላይ ሊለኩት ነው። ወገዳ ሜዳ ላይ ሲያርፉ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ።

“አንተ ያስተማርካት ልጅ አይደለችም እንዴ? እንዴት ያለች ሰው ሆነች!” አለችው ሚስቱ ሐረገ ወይን።

“እኔ ያስተማርኳት ዘንግ መያዝ ነው” አለ ጥጋቡ።

ለእሱ የደረሰው ሥራ ገደል አፋፍ ላይ መቀመጥ ነበር። ድሮ በሲሚንቶ የተከለው ምልክት ላይ የሳተላይት መቀበያ ቆመ፤ ከላይ የሚለካው ሁሉ ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ ይሰላል።

“ጋሼ ጥጋቡ፣ ምልክቱ እንደ ተከሉት ነው አይደል?” ስትል ትዕግሥት ጠየቀችው።

ካቻምና ክረምት አፋፉ ሲንሸራተት ምልክቱም አብሮ መውረዱን ጥጋቡ ያውቃል።

“እንደ ተከልኩት ነው” አላት።

እሱን ሁለት በጋ የፈጀበትን ገደል እሷ በሁለት ጧት በረረችበት። እሱ ከታች አንጋጦ ያያል። ልኬቱ ግን በታች ጋይንት ወረዳ በኩል ካለው ሌላ የመነሻ ነጥብ ጋር በአንድ ክንድ ያህል አልገጥም አለ። የቡድኑ መሪ ፊልጶስ ሰው ፊት ጮኸባት፤ “መሣሪያውን አበላሽተሽ ነው የገጠምሽው!” አላት። ፈታታ ገጠመችው፤ እንደገና በረረች፤ ያው ሆነ። ጥጋቡ ደስ አለው። ደስ ማለቱንም ለራሱ አልካደም።

በሦስተኛው ቀን አጠገቡ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

“ጋሼ፣ የረሳሁት ነገር ሳይኖር አይቀርም። መጠንቀቅን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ይዩልኝ።”

ጥጋቡ ወደ ምልክቱ ጠቆመ። “የረሳሽው የለም። ምልክቱ ወርዷል። አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ቀናሁብሽ።”

ትዕግሥት ተነሣች። “ለፊልጶስ ራስዎ ይንገሩት” አለችና ሄደች።

ነገረው። ተሰደበ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደረሰው። መቀበያው ጽኑ አለት ላይ ወዳለ ሌላ ምልክት ተዛወረና በረራው በአንድ ጧት አለቀ።

ወር ሳይሞላ አዲሱ ካርታ መጣ። የሌዘሩ ጨረር በቅጠሉ መካከል ሾልኮ አፈሩን ስለሚነካ ገደሉ ቁጥቋጦውን ተገፎ ታየ። ጥጋቡ ለግድብ ይሆናል ብሎ የመረጠው ጠባብ ቦታ ላይ፣ እሱ ሳያየው ያለፈው ረጅም የናዳ ስንጥቅ ነበር። ጥናቱ ሌላ ቦታ መረጠ፤ የእሱ ካርታ ከግድግዳ ወርዶ የትዕግሥት ተሰቀለ።

ስንጥቁን ሳያይ ስለ ማለፉ ጥጋቡ በማንም ማመካኘት አይችልም። አሁንም ቢሮው ሲገባ ካርታዋን ያያል፤ አሁንም ያንገበግበዋል። ባለፈው ሰኞ ግን ስልክ ደወለላት።

“ትዕግሥት፣ ያ ሌዘር ቅጠሉን ከአፈሩ እንዴት ነው የሚለየው?”

“ወረቀት ይዘዋል? ይጻፉ” አለችው።