ጡሩምባና ጓጉንቸር

ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እየጫንኩ አዲስ አበባ የማደርስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ መኪናው ተገልብጦ ጭንቅላቴ እስኪጎዳ ድረስ። እጄም እግሬም ደህና ስለሆነ ያየኝ ሁሉ «ምንም አልሆንክም እኮ» ይለኛል። እንዲህ የሚለኝን ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። የተነገረኝ ነገር ገብቶ ቁጭ ሳይል ውልቅ ይላል፤ ይሄ ደግሞ በዓይን አይታይም።

ባለቤቴ ታውቃለች። አንድ ቀን ስኳር ልገዛ በሚኒባስ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወረድኩ፤ ለምን እንደወረድኩ ጠፋኝና በዚያው ሚኒባስ ወደ ሰፈራችን ሴቻ ተመለስኩ፤ ቤት ልደርስ ስል ስኳሩ ትዝ አለኝና እንደገና ወረድኩ። እንዲህ ስመላለስ ዋልኩ። ረዳቱ ተቆጣጣሪ መስዬው በአክብሮት ጋቢና አስቀመጠኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትወጣ የግቢውን በር በውጭ በኩል በጓጉንቸር ትቆልፈዋለች። ፈርታ ነው፣ አልፈርድባትም። ግን ያን ሁሉ አገር የነዳሁ ሰውዬ ከዶሮዎች ጋር ተቆልፎብኝ መዋሌ አንገበገበኝ።

እንደ እኔ ያሉትን ቤት ለቤት እየዞረች የምታይ አንዲት የተሃድሶ ሠራተኛ አለች። «ጋሼ የሚያስፈልጋቸው ሥራ ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም» ብላ ከእድራችን ሊቀመንበር ጋር ተነጋገረች። የድሮው ጡሩምባ ነፊ አርጅተው ስለነበር ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞርኩ እንድለፍፍ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ሠራተኛዋም ዘዴ አስተማረችኝ፤ የሟቹን ነገር መንገድ ላይ ሳላቋርጥ እየደጋገምኩ እንድሄድ። ባለቤቴ ግን ሊቀመንበሩ ፊት ቁርጡን ተናገረች፤ «አንድ ጊዜ ቢሳሳት በሩን እቆልፋለሁ።»

የመጀመሪያው መርዶ በማለዳ መጣ። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው አናጢ እናቱ አርፈዋል» አሉኝ ሊቀመንበሩ፤ እሳቸው ከነባለቤታቸው ድንኳን ሊያስተክሉ ወደ አናጢው ቤት ሄዱ። እኔም የእድሩን ዕቃ ቤት ከፍቼ ጡሩምባዬን አወጣሁ፣ መልሼ ቆለፍኩና «የአናጢው እናት፣ የአናጢው እናት» እያልኩ ጉዞ ጀመርኩ።

እኛ ጋ ግን ሰው ሰውን ዝም ብሎ አያሳልፍም። አንዲት ጎረቤቴ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ራሴ ሕመም፣ ደጋ ስላሉት ዘመዶቼ ሳይቀር ጠይቃ ስታበቃ «ማን ነው በጠዋት የላከህ?» አለችኝ። «ሊቀመንበሩ» አልኳት። ቀጥሎ ያገኘሁትም ሰላምታውን አድርሶ ያንኑ ጠየቀኝ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ከላይኛው መንደር ስደርስ አፌ ላይ የቀሩት ሊቀመንበሩ ብቻ ነበሩ።

ጡሩምባውን ነፋሁ። «የእድራችን ሊቀመንበር ስላረፉ ያልሰማህ ስማ!» እያልኩ ዞርኩ። ደግሞ እኮ ከልቤ እያለቀስኩ ነው፤ በጣም ነበር የምወዳቸው።

ሊቀመንበሩ የድንኳን ገመድ ረስተው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ግቢያቸው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ከሁሉም በላይ ደረቱን የሚደቃው በአጥር ድንበር ተጣልተው ሰላም የማይባባሉት ጎረቤታቸው ነው። «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«እርስዎ ነዎት» አላቸው ድምፃቸውን ለይቶ፣ አንገቱን ግን እንደደፋ። ቀና ብሎ ሲያያቸው ተጠምጥሞባቸው አገላብጦ ሳማቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ጸቡ መመለስ ለሁለቱም አሳፋሪ ሆነ።

ይህንን ሁሉ በኋላ ነው የነገሩኝ። እኔ ያን ጊዜ ሥራዬን በሚገባ ጨርሼ፣ ዓይኔን እየጠረግኩ ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ጓጉንቸሩን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ወሬው ቀድሞኛል። ምን እንዳጠፋሁ ስትነግረኝ ጡሩምባውን መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ ዶሮዎቹ ገባሁ። ልትቆልፍ በሩን ስትስብ ሊቀመንበሩ ከታረቁት ጎረቤታቸው ጋር ደረሱ።

ጡሩምባውን አንስተው ሰጡኝ። «አናጢው ቤት ሰው አልመጣም፤ ና፣ እንደገና ንፋ» አሉኝ። «ሰው ሲጠይቅህ ማን እንደሞተ ብቻ ተናገር፤ ማን እንደላከህ ምን አገባቸው?»

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ይህንን ጓጉንቸር ከነቁልፉ ስጪኝ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ተበላሽቷል።»

እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች። ለእድር አልሰጥም አይባል ነገር፣ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ኪሳቸው ከተቱት። እስከ ዛሬም አልመለሱትም።

ጡሩምባዬን ይዤ ተከትያቸው ወጣሁ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን ምንም አልሆነም ነበር። በዚያው ጠዋት በገዛ እጄ ከፍቼ መልሼ የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ይሄንን እንኳ አልረሳሁም።