አራትና አርባ አንድ ሚሊቮልት

መሳለሚያ፣ ከጨርቅ መደብሮች በላይ ባለው ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ኃላፊዋ ዶክተር ሰብለ ማሽኑ ፊት አቁማ አስተማረችኝ። "ዜታ ፖቴንሺያል ቅንጣቶቹ በኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚገፋፉ ይነግርሃል። ከሠላሳ ሚሊቮልት በላይ ከሆነ አይጣበቁም። ከዚያ በታች ከሆነ ፍራ።" እኔም ስፈራ ኖርኩ።

የላቦራቶሪው ባለቤት ጋሼ ከድር የሶማሌ ተራ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። በጥቃቅን የስብ ቅንጣት የተጠቀለለ የከብት መርፌ መድኃኒት ለማምረት አስበው ሁለት ቀመር አሠሩ። አንዱ የዶክተር ሰብለ ነው። ሌላው ባልደረባዬ ትዕግሥት ከመመረቂያ ሥራዋ ይዛው የመጣችው ነው፤ ቅንጣቶቹ ፔግ የሚባል ሽፋን ለብሰዋል። የሷ ካልተመረጠ ሥራዋ እንደሚያበቃ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የትዕግሥትን ባፈር በምንለው ጨዋማ ፈሳሽ አቅጥነን ለካን፤ አራት ሚሊቮልት። ባፈሩ አለቀብን። የዶክተር ሰብለን በተጣራ ውሃ ለካን፤ አርባ አንድ።

"አራትና አርባ አንድ! ይሄ ምን ያጠያይቃል?" አሉ ጋሼ ከድር።

"ጋሼ፣ ፈሳሹ እኮ አንድ አይደለም" አለች ትዕግሥት። "ደግሞ የኔን ሽፋኑ ነው የሚያራርቃቸው፣ የኤሌክትሪክ ቻርጁ አይደለም።"

"ልጄ፣ መርካቶ ያልተመረጠ ዕቃ መጋዘን አያድርም።"

ወዲያው ፍሪጁ ተራገፈ። የትዕግሥት ናሙና ተደፋ፤ እሷም እንባዋን እየጠረገች ወጣች። አንዲት ብልቃጥ ብቻ ጥግ ላይ ሳትታይ ቀርታለች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶክተር ሰብለ የራሷን መድኃኒት ለመርፌ በሚሆን የጨው ውሃ ስትበጠብጥ አጠገቧ ነበርኩ። ኧረ የጉድ ያለህ! ዓይናችን እያየ እንደ አይብ ተቋጠረ። ጨዉ መገፋፋታቸውን አጥፍቶታል። የትዕግሥትን ብልቃጥ ፈልገን አገኘንና እንደዚያው በጠበጥናት። ምንም አልሆነችም!

ዶክተር ሰብለ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። "ምን ጉድ ነው የሠራነው?"

ጋሼ ከድር ተጠርተው መጡና እዚያው ቆመው ደወሉ። "ልጄ ትዕግሥት፣ አጥፍተናል፤ ተመለሺ።"

"ጋሼ፣ ሌላ ፋብሪካ ፈርሜያለሁ። የቀጠሩኝም በዚያው ቀመር ነው።"

ጋሼ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና የተቋጠረውን መድኃኒት በእጃቸው ደፉት።

ሁለት ናሙና የምታወዳድሩ ከሆነ በአንድ ዓይነት ፈሳሽ ለኩ። ሽፋን ያለው ቅንጣት ዜታው ትንሽ ቢሆንም ሊጸና ይችላል፤ ከመድፋታችሁ በፊት አስቀምጡና እዩት።