እህት ወንድም ደም አይሰጥም

አዋሽ ላይ ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነበር። አባቴ የጣቢያው ጸሐፊ ነበር፤ ከደጋ ተዛውሮ የመጣ፣ ሙቀቱን ዕድሜ ልኩን ሲራገም የኖረ ሰው። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ደግሞ ከወሎ መጥታ ለሾፌርና ለተሳፋሪ ሻይና ምግብ የምትሸጥ ሴት ነበረች። እኔ በተወለድኩ ሰሞን እናቴን ወባ ጣላት፤ ስትነሣ ጡቷ ደርቆ ነበር። ጎረቤታችን ያን ጊዜ ሴት ልጇን ታጠባ ስለነበር እኔንም ወስዳ በሌላው ጡቷ ያዘችኝ። እሷን እማ እላታለሁ፤ ልጇ እህቴ ናት፣ ታላቅ ወንድ ልጇም ወንድሜ።

ይህ ለአፍ ያህል የሚባል አልነበረም። በእማ ሃይማኖት የጠባ ልጅ ልጅ ነው። ወንድሜ ሊያገባኝ አይችልም፤ እኔም እሱ ፊት ጸጉሬን ፈትቼ ስሠራ አላፍርም፤ ሲያሻው ይቆጣኛል። እኛ ክርስቲያን ስለሆንን የሁለቱ ቤት ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፤ በዓላቸው ሲደርስ እማ ለእኔ ለብቻዬ በትንሽ ድስት ምስር ትሠራለች። ከዚህ ሌላ የሚለየን ነገር አልነበረም። በዚያ ቤት «የጡት ልጅ» የሚል ቃል ከአፉ የወጣ ሰው ወዮለት። አንድ የአሰብ መንገድ ሾፌር እኔን አይቶ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ቢላት የጀመረውን ሻይ ከፊቱ አንሥታ ደጅ ደፋችበት። ሰውዬው ሌላ ሻይ እስኪቀዳለት ብዙ ለመነ።

ትምህርት ጨርሰን ሥራ በምንጠብቅበት ዓመት የእህቴ ገላ መበለዝ ጀመረ። ምንም ሳይመታት ክንዷና ጭኗ ይበልዛል፤ ጥርሷን ስትፍቅ የድዷ ደም አልቆም ይላል። ቀስ በቀስ ፊቷ ገረጣ፤ ከጣቢያው እስከ ቤት ለመምጣት ሁለቴ መቀመጥ ያዘች። ሰፈሩ እንደሆነ ምክር አያልቅበትም፤ አንዱ ሙቀት ነው ይላል፣ ሌላው ዓይን ነው ይላል። እማ ጉበት አበላቻት፣ ቀይ ሥር አስጨምቃ አጠጣቻት፣ ዱዓ አስደረገችላት። የክሊኒኩ ድሬሰር የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየና «ይቺ ልጅ ደም የሚባል የላትም» ብሎ ወደ ናዝሬት ላከን። ናዝሬት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ላከን። ከቀበሌ የመሄጃ ወረቀት አውጥተን፣ እማና እኔ ግራና ቀኝ ደግፈናት በባቡር ሄድን።

የተመደበልን ሐኪም ውጭ አገር ተምሮ ገና የተመለሰ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ወጣት ነበር። ከዳሌ አጥንቷ በወፍራም መርፌ መቅኔ ቀዳና መረመረ። ከዚያ እኛን ጠርቶ አስቀመጠን።

«ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው» አለን። «የእሷ መቅኔ ሥራውን አቁሟል። ማሳው አለ፣ ዘሩ ግን አልቋል። ለጊዜው ደም እየሰጠን እናቆያታለን። የሚያድናት ግን ከሌላ ሰው የተወሰደ መቅኔ ነው። እዚህ አገር አይሠራም፤ ውጭ ይሠራል። መጀመሪያ የሚታየው የእህት ወይም የወንድም መቅኔ ነው፤ እሱም ከገጠመ። እህት ወንድም አላት?»

«አላት እንጂ!» አለች እማ። «ወንድሟ ዱብቲ ጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። እህቷ ደግሞ ይህችውና።»

ሐኪሙ ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የአባቴን ስም ስጠየቅ ግን እማ ቀደመችኝና የራሷን ባል ስም ነገረችው። የክርስቲያን ስም ከእስላም አባት ስም ጋር ተጻፈ። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፤ ከወሎ ነን ብላዋለች፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ስም ብርቅ አይደለም።

«እስከዚያው ድረስ ግን» አለ ሐኪሙ፣ «እህት ወንድም ደም አይሰጧትም፤ ሌላም የሥጋ ዘመድ አይስጥ። ሰውነቷ የእናንተን ደም ካሁኑ ካወቀው ይጠምደዋል፤ በኋላ መቅኔያችሁ ሲመጣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያባርረዋል። ደም ባዳ ይስጣት።»

ኮሪደር ላይ ስንወጣ «እማ፣ ሰውዬው የሚለው የተወለደውን ሳይሆን አይቀርም» አልኳት።

ቆመች። «የአንቺን አጥንት ማን አጠነከረው?» አለችኝ። «የኔ ወተት አይደል? የሷንስ? ያው የኔ ወተት። እንግዲህ ውስጡ ያለው መቅኔ በምን ይለያያል?»

በአገሯ አንድ ሼህ ሲያስተምሩ የሰማችው ነው፤ አጥንት እስኪጠና የተጠባ ወተት ዝምድና ያመጣል ይሉ ነበር። እኔ የባዮሎጂ ፈተና ያለፍኩ ልጅ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን መልስ መፈለግ አላሻኝም። ከእኔ አጥንት የሚወጣ ነገር እህቴን ያድናታል መባሉ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ከዳሌዬ ምን ያህል ቢቀዱ ግድ አልነበረኝም።

መልእክቱን ሾፌሮች በገዋኔ አድርገው ለወንድሜ አደረሱለትና የጥጥ ብናኝ እንኳ ሳያራግፍ መጣ። የደሙ ናሙና መቅኔው መግጠሙን ለማየት ወደ ውጭ ተላከ፤ የኔ በሚቀጥለው መላኪያ ይሄዳል ተባለ። መልሱ ወራት ይፈጃል። ያ ዋርካ የሚያህል ሰው ክንዱን እያየ ወንበር ላይ ይውላል። «ይኼ ሁሉ ደም ምን ያደርግልኛል?» ይል ነበር። ነርሶቹን ለምኖ ለምኖ ሲሰለቻቸው ዱብቲ ተመለሰ።

ደም የማግኘቱ ነገር በእማ ላይ ወደቀ። አዋሽ እየተመለሰች ሾፌር ደንበኞቿን ትይዛለች። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና ከሆነ፣ ሆስፒታል ጎራ ብሎ ደም ለመስጠት ወላሂ ሳይል ሳህን አይቀርብለትም። ብዙዎቹ መርፌ ይፈራሉ፤ እሷን ግን የበለጠ ይፈራሉ። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና የተሰቀለውን ከረጢት እያየች «የዛሬው የማን ነው? ጫት ጫት እያለኝ ነውና ያ የአሰቡ ሳይሆን አይቀርም» ትለኛለች። እንዲህ ስትቀልድ ከናፍሯ ላይ ቀለም አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው፤ ሾፌሮቹም ከዚያ ማዶ ቀሩ። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት የእህቴ አፍንጫ መድማት ጀመረ። ጨርቅ ለወጥን፣ ቀዝቃዛ ውኃ አደረግን፤ አልቆመም። የእሷን ዓይነት ደም ፍለጋ ነርሷ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

«ያንቺ ዓይነት ልክ ነበር» አለችኝ። «ምን ያደርጋል፣ እህቷ ሆንሽ እንጂ አሁኑኑ ካንቺ እቀዳላት ነበር።»

እማ ራስጌ ቆማ የልጇን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። ሰምታለች። ቀና አላለችም። ትናገር እንደሆነ ጠበቅሁ፤ ጨርቁን ነክራ ጨመቀች። እህቴን አየሁ። ትራሷ ቀልቷል።

«እህቷ አይደለሁም» አልኩ። «ጎረቤታቸው ነኝ።»

«ዋ! አንቺ ልጅ!» አለች እማ። «ምን አልሽ?»

«ጎረቤት ነኝ፣ እማ። አባቴ የጣቢያው ጸሐፊ ነው።» ለነርሷ የነገርኳት መስሎኝ ነበር፤ እማን እማ ብዬ እንደጠራኋት ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ነገሩ ሲነገረው አልተቆጣም። እማን ወደ መስኮቱ ወሰደና «እማማ፣ ይህችን ልጅ ወልደዋታል?» አላት።

«አጥብቻታለሁ።»

«መውለድዎን ነው የጠየቅሁዎ። ካልወለዷት ደሟን ዛሬውኑ መስጠት ትችላለች።»

እማ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም፤ እሷም ከራሷ ጋር ሆና እንኳ ያለችው አይመስለኝም።

«አልወለድኳትም» አለች። ከዚያ ማንንም ሳታይ ወጣች።

ደሜን ሲቀዱ አለቀስኩ። ነርሷ መርፌው አስፈርቶኝ መስሏት አይዞሽ ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ መድማቱ ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ። እህቴ ዓይኗን ገልጣ ከረጢቱን አየችና «የአንቺ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «በይ እንግዲህ፣ የነገው ዓርብ ጾም ሊያስይዘኝ ነው» አለችኝ። እማ ያን ጊዜ በር ላይ ነበረች፤ ሳቀች፤ ወደ እኔ ግን አላየችም።

የኔ ናሙና ወደ ውጭ መላኩ ቀረ። ተስፋችን ሁሉ በወንድሜ ላይ ሆነ። እኔም ሐኪሙ በፈቀደልኝ ጊዜ ሁሉ ደም እሰጣለሁ። ደም መስጫው ክፍል በገባሁ ቁጥር መዝጋቢዋ ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ «ዘመድ ነሽ?» አይደለሁም እላለሁ። እማ መዝጋቢዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ተነሥታ ወደ ኮሪደር ትወጣለች። ሲጠናቀቅ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዛ ትመለስና እስክጨርሰው ቆማ ታየኛለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ክፉኛ ይቆጨኝ ነበር፤ ግን ደግሞ እህቴ በሕይወት አለች።

መልሱ የመጣው ወንድሜ ከዱብቲ ለጥየቃ በመጣበት ቀን ነው። ሐኪሙ ሦስታችንን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«አልገጠመም» አለ።

ወንድሜ ደግመው እንዲያዩት ጠየቀ። ሐኪሙ ደግመው እንዳዩት ነገረው። እማ ለክፉውም ለደጉም እንደምትለው «አልሐምዱሊላህ» አለችና መቁጠሪያዋን ያዘች። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ደም ማንም ይስጣት» አለ። «ወንድሟም ይስጥ። ክልከላው ለመቅኔው ስንል ነበር፤ አሁን የምንጠብቀው መቅኔ የለም።»

ወንድሜ ገና ኮሪደሩ ላይ እጅጌውን ጠቀለለ። ወራት ሙሉ የለመነውን አገኘ። ደሙን ሲቀዱ ጣሪያውን እያየ ተኛ።

ቀጥሎ የኔ ተራ ደረሰ። መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አነሣች። እንደ ልማዷ ትወጣለች ብዬ እማን ጠበቅኋት። አልወጣችም። አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች።

«ዘመድ ነሽ?» አለችኝ መዝጋቢዋ።

«እህቷ ናት» አለች እማ። «ጻፊው።»

ጻፈችው። የሚቃወም አልነበረም። ያን ሁሉ ወራት የናፈቅሁት ቃል ይኸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ምነው ሐኪሙ ሮጦ ገብቶ እንደገና በከለከለኝ ብዬ ተመኘሁ።